ገመዱ እና ፊደሉ፦ አማርኛ ወደ በይነመረብ የገባበት ረጅም መንገድ

በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚል ስያሜ የሚታወቀው የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ ክልል በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ያልተለመደ ሙከራ አካሄደ። በየመንደሩ ማንበብ ለማይችሉ ሃያ ያህል ሕፃናት በካርቶን የታሸጉ የሞቶሮላ ታብሌቶች ታደሉ። ባትሪው በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ነበር፤ አስተማሪ ግን አልተመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት መገባደጃ ውጤቱን ሲያስረዱ፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዝሙር ይዘምሩ እንደነበር፣ በአምስት ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንደከፈቱት ተናገሩ። ወሬው ዓለምን ዞረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በጭብጨባው መካከል ብዙም ያልተነገረለት ነገር ነበር። በታብሌቶቹ ላይ የተጫኑት ጨዋታዎች፣ መጻሕፍትና መዝሙሮች በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ነበሩ። ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩትን ቋንቋ በጽሑፍ ከማየታቸው በፊት የማያውቁትን ቋንቋ ፊደል በዜማ ለመዱ። ጥፋቱን በድርጅቱ ላይ ብቻ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተዘጋጀ ነገር ለመጫን ቢፈልጉስ ኖሮ ምን ያገኙ ነበር? በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ ከነበሩት የአንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ «ሀ»ን እንኳ ማሳየት ተስኗቸው በምትኩ ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር።

«ዲጂታል ክፍተት» የሚለው ሐረግ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የልማት ሰነዶችን ሲያጣብብ ቆይቷል። የሚለካውም አብዛኛውን ጊዜ ለመቁጠር በሚመቹ ነገሮች ነው፦ ከመቶ ሰው ስንቱ ስልክ አለው፣ አንድ ጊጋባይት ስንት ያወጣል፣ የፋይበር ገመዱ ስንት ኪሎ ሜትር ተዘረጋ። እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ መለኪያዎች ናቸው። ነገር ግን አማርኛና ሌሎች በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ያለፉበት ታሪክ በቀላሉ የማይቆጠር ሌላ መሠረተ ልማት እንዳለ ያሳያል። እሱም አንድ ሰው የጻፈውን ሌላው ሳይቸገር ማንበብ እንዲችል የሚያደርግ የጋራ ስምምነት ነው። ከገመዱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሆኖም አማርኛን በበይነመረብ ላይ ለአሥር ዓመታት ያህል ካዘገዩት ምክንያቶች ዋነኛው የዚህ ስምምነት መጓደል ነበር፤ ጉድለቱን የሞሉትም በአብዛኛው ሥራቸውን በነፃ ያካፈሉ ሰዎች ናቸው።

ከመኪናው ጋር የተጀመረው ሙግት

ችግሩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ኢንጂነር አያና ብሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ነበር። ለሃያ ስድስት የላቲን ፊደላት የተሠራ መኪና 33 ፊደላትን በሰባት ድምፅ፣ ማለትም 231 ሆሄያትን፣ ከእነ ዲቃሎቻቸው እንዴት ይሸከማል? መፍትሔው ሆሄውን መበታተን ሆነ። ግዕዙ በአንድ ቁልፍ፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ምልክት በሌላ ቁልፍ እየተመታ በወረቀቱ ላይ ይገጣጠማል። ውጤቱ ይነበባል፤ ውበቱን ግን የብራና ጸሐፊ አይቶ የሚወደው አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ይበልጥ ሥር ነቀል ነበር። መኪናውን ለፊደሉ ከማስተካከል ይልቅ ፊደሉን ለመኪናው ማስተካከል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፊደልን የማሻሻል ሐሳቦች ተጠንተው ታትመዋል፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት መቀነስና የአናባቢ ምልክቶቹን ወጥ ማድረግ ከሐሳቦቹ መካከል ነበሩ። አንዱም በሥራ ላይ አልዋለም። ከኢኮኖሚ አንጻር ሲታይ ይህ የሚያስገርም አይደለም። የማሻሻያው ጥቅም ለመጪው ትውልድ ሲሆን ወጪውን የሚከፍለው ግን ዛሬ ማንበብ የሚችለው ሰው ነው፤ በጊዜው ደግሞ የማሻሻያው ዳኛ ማንበብ የሚችለው ነበር።

የፎንት ደሴቶች

በ1980ዎቹ የግል ኮምፒውተር ሲስፋፋ ጥያቄው በሌላ መልክ ተመለሰ። አሁን መፍትሔ ለመፈለግ የተነሡት በአንድ ቤተ መንግሥት ወይም በአንድ ኮሚቴ ሥር የተሰበሰቡ ሰዎች አልነበሩም። በአሜሪካ ኢንጂነር ፍሥሓ አጥላው ከቀደምቶቹ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱን አዘጋጁ። በኮሎራዶ የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ የራሳቸውን ፕሮግራም ሠሩ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን «አጋፋሪ»ን አወጣ። በቤተ መንግሥት እንግዳ ተቀብሎ የሚያስገባውን ባለሟል ስም ለጽሕፈት ፕሮግራም የሰጠው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት። ከዚያ «ፓወር ግዕዝ»፣ «ቪዥዋል ግዕዝ»፣ «ፊደል» እና በደርዘን የሚቆጠሩ ሌሎች ተከተሉ።

እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚደነቅ ሥራ ነበር። ችግሩ ያለው በመካከላቸው ነው። በጊዜው አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክቶችን ሲሆን፣ ከእነዚህ ግማሹ ለላቲን ፊደላትና ለኮምፒውተሩ የውስጥ ሥራ የተያዘ ነበር። ከ300 በላይ የሆኑት የግዕዝ ሆሄያት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች በአንድ ፎንት ስለማይበቃቸው አምራቾቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት። አንዲት ቃል ስትጻፍ «በ» ከአንዱ ፎንት፣ «ቧ» ከሌላው ትመጣለች። ከዚህም የባሰው የትኛው ሆሄ በየትኛው ቁጥር ይቀመጥ የሚለውን እያንዳንዱ አምራች ለራሱ መወሰኑ ነበር። ለአንዱ ፕሮግራም «ለ» የሆነው ቁጥር ለሌላው «መ»፣ ፎንቱ ለሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ትርጉም የለሽ የላቲን ኮተት ነው።

ስለዚህ በዋሽንግተን የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በፍራንክፈርት እንዲነበብ ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ዓይነት ፎንት ሊኖራቸው ይገባል። በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የተከፈቱ ብዙ ድረ ገጾች መውጫ ያገኙት ጽሑፉን ፎቶ በማድረግ ነበር። ገጹ ይታያል፤ ግን አይፈለግም፣ አይገለበጥም፣ አይታረምም። የፍለጋ ፕሮግራሞች ሥዕል እንጂ ቃል አያዩም። ለአሥር ዓመት ያህል በአማርኛ የተካሄደ ክርክር፣ ትንታኔና ዜና ትልቅ ክፍል ለማሽን የማይታይ ሆኖ ቀረ።

ኢኮኖሚስቶች ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ የተለመደ ማብራሪያ አላቸው። ስልክ ብቻውን ለያዘ ሰው ጥቅም የለውም፤ ባለ ስልኩ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ስልክ ጥቅም ይጨምራል። ፎንትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ገበያው ገና ትንሽ በነበረበት ወቅት እያንዳንዱ አምራች የራሱ አቀማመጥ ያሸንፋል ብሎ ተስፋ ማድረጉ ከጥቅሙ ጋር የሚጣጣም ነበር። ፕሮግራሙን የገዛ መሥሪያ ቤት ሰነዱን ሁሉ በዚያው ስለሚጽፍ፣ ሻጩን መለወጥ ማለት የአምስት ዓመት መዝገብን እንደገና መጻፍ ማለት ሆነ። ደንበኛው ታሰረ፤ ሻጩ ለመስማማት የሚገፋፋው ምክንያት አነሰ። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። ገበያ ብቻውን የጋራ ደረጃን ዘግይቶ እንደሚያመጣ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ስምምነቱ

ከዚህ መውጫ የሆነው ሥራ በሁለት ደረጃ መጣ። የመጀመሪያው ጊዜያዊ ነበር። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የነበሩት ይትና ፍርድይወቅ እና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፊደልን በላቲን ፊደላት የሚወክል፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ወጥ ሥርዓት አዘጋጁ። በዚህ ሥርዓት ትንሹ የላቲን «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁ ለ«ጠ» ይውላል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ወደ ሆሄ ይመልሰዋል። የእንግሊዝኛው ስም አህጽሮት በአማርኛ ሲነበብ «ሴራ» መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ሥርዓቱ ግን የሴራ ተቃራኒ ነበር፦ አሠራሩ በግልጽ የታተመ፣ ለማንኛውም ፎንት ድልድይ የሚሆን፣ ባለቤት የሌለው።

ሁለተኛው ዩኒኮድ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዜሮክስና በአፕል መሐንዲሶች የተጀመረው ይህ ጥረት ለዓለም ቋንቋዎች ሆሄያት ሁሉ አንድ የማያሻማ ቁጥር ለመስጠት ያለመ ነበር። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው እትም የግዕዝ ፊደልን አልያዘም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአሜሪካ፣ በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች ያሉ ባለሙያዎች የትኞቹ ሆሄያት ይግቡ፣ በምን ቅደም ተከተል ይቀመጡ በሚለው ላይ ተከራከሩ። ክርክሩ እንደሚመስለው ደረቅ አልነበረም። ትግርኛ፣ ብሌንና ሌሎች ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸው፣ በአማርኛ የሌሉ ሆሄያት አሉ። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን በአማርኛ ድምፅ ብቻ ለክቶ አንድ ማድረግ ግዕዝንና ትግርኛን መጉዳት ይሆን ነበር። በ1940ዎቹ ማሻሻያ ሊቀነሱ የታሰቡት ሞክሼ ሆሄያት ሁሉም ቦታቸውን አገኙ።

በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም፣ በ1999 መገባደጃና በ2000 መጀመሪያ፣ 345 የግዕዝ ምልክቶች ታወጁ። አቀማመጡ ራሱ አስተዋይነትን ያሳያል። ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ተመደበ፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው ለዲቃላው። ዲቃላ የሌለው ፊደል ስምንተኛ ቦታው ባዶ ቀረ። ከእነዚህ ባዶ ቦታዎች አንዳንዶቹ በ2005 ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ለሚያስፈልጓቸው ሆሄያት ዋሉ። የመጀመሪያው ክርክር ለሌሎች ቋንቋዎች ቦታ ባይተው ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር።

ይሁን እንጂ መደበኛ ቁጥር መታወጅ አንድ ነገር ነው፤ ሰው እጅ መግባቱ ሌላ። ማይክሮሶፍት የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሰጠው በ2007 መጀመሪያ ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነበር። በመካከል ያሉትን ሰባት ዓመታት የሸፈኑት ፎንት ሠርተው በነፃ ያሠራጩ ሰዎችና ተቋማት ናቸው። የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በአሮጌው ፎንት ቀጠሉ። የሚገለገሉበት ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ዩኒኮድን አያውቅም፤ አዲስ ለመግዛትና ሠራተኛን እንደገና ለማሠልጠን የሚከፈለው ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ከቀጭን ትርፍ ላይ ነው። ስለዚህ በ2000ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የታተሙ ብዙ መጻሕፍትና መጽሔቶች የኮምፒውተር ቅጂ ቢኖራቸውም ዛሬ ሲገለበጡ የሚወጣው ኮተት ነው። የብራና መጽሐፍ ከ500 ዓመት በኋላ ይነበባል፤ የ20 ዓመት የኮምፒውተር ፋይል ግን አስተርጓሚ ይፈልጋል።

ገመዱ

የገመዱ ታሪክ በተሻለ ይታወቃልና በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። አጼ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የስልክ መስመር ማዘርጋት ካስጀመሩበት ከ1894 አንሥቶ ቴሌኮሙኒኬሽን በኢትዮጵያ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ኢሜይሎችን አጠራቅሞ በስልክ ጥሪ ወደ ውጭ የሚልክ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በ1995 በዳዊት በቀለ መሪነት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች በይነመረብን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት መወትወት ጀመሩ። አገልግሎቱ በ1997 መጀመሪያ ሲከፈት ለመላ አገሪቱ የተመደበው አቅም በሰከንድ 256 ኪሎቢት ነበር። ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ከዚያ በላይ ይጠቀማል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመስፋፋትና የመዘጋት ድብልቅ ነው። በ2002 የወጣ አዋጅ በበይነመረብ የድምፅ ጥሪ ማድረግን ከለከለ፤ ከውጭ አገር በርካሽ መደወል ለሚፈልግ ቤተሰብ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነበር። ከ2005 ምርጫ በኋላ የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። በአንጻሩ ከቻይና በተገኘ ብድር ከ2006 ጀምሮ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የኔትወርክ ግንባታ ተካሄደ። በ2022 ሳፋሪኮም አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ተጠቃሚው የሚመርጠው ሌላ ኩባንያ አልነበረም። በትግራይ ከኅዳር 2020፣ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የተፈጸሙት ረጅም መቋረጦች ደግሞ ገመድ ቢዘረጋም ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ መነሣት ያለበት ገንዘቡ ወዴት እንደሄደና ወዴት እንዳልሄደ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ወረዳዎችን በሳተላይት የሚያገናኝ ኔትወርክና በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት ዘረጋ። የፕላዝማው ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይተላለፋል፤ በክፍሉ ያለው መምህር ድርሻው መክፈትና መዝጋት እስኪመስል ድረስ ጠበበ። በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ የነበረ ሁሉ የቴሌቪዥኑን ፍጥነት ያስታውሳል። ለስክሪን፣ ለዲሽና ለጀነሬተር በጀት ተገኘ። ለአማርኛ ፊደል አራሚ፣ ለነፃ ፎንት፣ አሮጌ ሰነድን ወደ ዩኒኮድ ለሚቀይር ፕሮግራም ግን ይህን ያህል ቦታ የሰጠ ዕቅድ አልነበረም። ስክሪን ሊመረቅ ይችላል፤ የፊደል ኮድ ሪባን አይቆረጥለትም።

የ70 ሆሄ ሒሳብ

ፊደሉ ወደ ስልክ ሲገባ ሌላ ስውር ዋጋ ይዞ መጣ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ሲነደፍ መነሻው የላቲን ፊደል ስለነበር አንድ መልእክት 160 የላቲን ምልክቶችን ይይዛል። ከላቲን ውጭ ያለ አንድ ሆሄ ሲገባበት ግን መጠኑ ወደ 70 ይወርዳል። ላይ ላዩን ሲታይ አማርኛ ጸሐፊ ከግማሽ በላይ ተቀንሶበታል። በጥንቃቄ ሲሰላ ግን ነገሩ እንዲህ የከፋ አይደለም። እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ 70 ሆሄ ከ140 የላቲን ፊደላት ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የቀድሞ ሊቃውንት ለብራና ቁጠባ የጠቀማቸው ጥበብ ለስልክ ሒሳብም ጠቅሟል። ይሁንና ለብዙ ዓመታት ስልኮቹ ራሳቸው ሆሄውን ስለማያሳዩ ሕዝቡ አማርኛን በላቲን መጻፍ ለመደ፤ ልማዱም ስልኮቹ ከተሻሻሉ በኋላ አልጠፋም። ከሪያድ ወደ ደሴ የሚላክ የእናትና ልጅ መልእክት እያንዳንዱ በመሰለው መንገድ በላቲን ሲጻፍ ለሁለቱ ይገባቸዋል፤ ለፍለጋም ሆነ ለትርጉም ማሽን ግን ሌላ ዓይነት ኮተት ነው።

በትክክለኛው ሆሄ የተጻፈውም ቢሆን ችግር አለበት። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። መጀመሪያው «ፀ» ወይም «ጸ»፤ መካከለኛው «ሐ»፣ «ሀ»፣ «ኀ»፣ «ሓ»፣ «ሃ» ወይም «ኃ» ሊሆን ይችላል፤ ይህ 12 አጻጻፍ ነው። አንባቢ ሁሉንም «ፀሐይ» ብሎ ያነባል፤ ኮምፒውተር ግን ካልተነገረው በስተቀር 12 ልዩ ልዩ ቃላት ያያል። አንድን ሕግ ወይም ስም በፍለጋ ማግኘት የሚያቅተው አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ስለሌለ ሳይሆን በሌላ «ሐ» ስለተጻፈ ነው። ፊደሉን መቀነስ አያስፈልግም፤ ፍለጋው ሞክሼዎችን አንድ አድርጎ እንዲቆጥር ማድረግ በቂ ነው። ይህ በጥቂት መስመር ኮድ የሚሠራ ነገር ቢሆንም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትና ድረ ገጽ እንደገና ሊያስብበት ይገደዳል።

የተካፈለ ሀብት

ነፃ ማካፈል ምን ያህል እንደሚያደርስ ለማየት ወደ ሚኒሶታ መሻገር ይጠቅማል። በ1973 የኢትዮጵያን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ ተጀመረ፤ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትም በፊልም ተቀረጹ። የፊልሙ ቅጂ በኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ፣ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ከደርግ ዘመን ጥቃት ተርፈው በ1976 ወደዚያ የደረሱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2021 እስካረፉ ድረስ ከፍተኛውን የዕድሜያቸውን ክፍል ካታሎጉን በማዘጋጀት አሳለፉ። መጻሕፍቱ ከበይነመረብ በፊት ለአንድ ተመራማሪ የሚገኙት የአውሮፕላን ትኬት ከገዛ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ የዲጂታል ንባብ ክፍሉን ሲከፍት፣ ማንም ሰው ተመዝግቦ ያለ ክፍያ ያያቸው ጀመር።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የቀረውን ርቀትም ያሳያል። የተካፈለው ምስል ነው። እያንዳንዱ ገጽ ከባድ ፎቶ ስለሆነ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች፣ በጎጃም ወይም በላስታ ያሉ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን፣ በውድና በሚቆራረጥ መስመር ለማውረድ ይቸገራሉ። ምስል ስለሆነም በቃል አይፈለግም። ያው የ1990ዎቹ ድረ ገጽ ችግር ከፍ ባለ ጥራት ተመልሷል። የእጅ ጽሕፈትን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች እየተሻሻሉ ነው፤ እነሱን የሚያሠለጥነው ግን በሰው እጅ በትክክል የተገለበጠ ጽሑፍ ነው፤ ያም የሚገኘው አንድ ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ሲገለብጥ ነው።

የአማርኛ ዊኪፔዲያ ሁኔታ የበለጠ ያሳስባል። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ አማርኛን አፍ የፈቱበት 21.6 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ፤ ዊኪፔዲያው ግን 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ አሉት። ከስድስት ሚሊዮን በታች ሕዝብ ባላት አገር የሚነገረው ኖርዌይኛ ከ600 ሺህ በላይ አለው። ልዩነቱን በገመድ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በዱባይ የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ፈጣን መስመር አለው። የጻፈው ግን በብዛት ማኅበራዊ መገናኛ ላይ ነው፤ በማግስቱ የሚጠፋ፣ ባለቤትነቱ የሌላ ኩባንያ የሆነ፣ ማንም የማያርመው። ፖለቲካው ስለሚያንገበግብ ትኩረቱ ወደዚያ መሄዱ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ስለ ወባ፣ ስለ ብድር ወለድ ወይም ስለ ጤፍ በሽታ በአማርኛ ለሚፈልግ ተማሪ የሚቀርበው ነገር ትንሽ ነው።

አፋን ኦሮሞ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ፊደልን እንደ ብቸኛ መፍትሔ ለሚያይ ሰው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ከ1991 ጀምሮ በላቲን በተመሠረተው ቁቤ ስለሚጻፍ ከላይ የተዘረዘረው የፎንት መከራ አልደረሰበትም፤ ማንኛውም ኪቦርድ ይጽፈዋል። ነገር ግን የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞን የጨመረው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከትግርኛ ጋር በ2022 ነው። ፊደሉ ዝግጁ ነበር፤ የጎደለው ሁሉም ሊያገኘው በሚችል ቦታ የተቀመጠ ብዙ ጽሑፍ ነው።

ይህ ጉድለት አሁን ዋጋው እየጨመረ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቋንቋ ሞዴሎች የሚማሩት ከተካፈለ ጽሑፍ ነው። በተለመደው የዩኒኮድ አከማቸት አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ሲወስድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ይወስዳል። በእንግሊዝኛ ላይ የተሠለጠኑት ሞዴሎችም አማርኛን ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፍሉት፣ በቁርጥራጭ ብዛት በሚከፈልበት አገልግሎት ተመሳሳይ ሐሳብ በአማርኛ የበለጠ ያስከፍላል። የ70 ሆሄው ሒሳብ በአዲስ ገበያ ተመልሷል ማለት ነው፤ ልዩነቱ አሁን ሆሄው ሁለት ድምፅ መያዙ ጉዳቱን የማያካክስ መሆኑ ነው።

በመስከረም 2021 የወጣው 14ኛው የዩኒኮድ እትም ለጉራጌ ቋንቋ አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ሆሄያትን ይዟል። ቁጥራቸው ታውጇል፤ ነፃ ፎንቶችም ማካተት ጀምረዋል። መርካቶ ውስጥ የሚሸጥ ርካሽ ስልክ ግን እነዚህን ሆሄያት ሲያገኝ የሚያሳየው ያንኑ በ2012 «ሀ»ን ይተካ የነበረውን ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። አማርኛ ከመደበኛ ቁጥር ወደ ስልክ ኪቦርድ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የጉራጌ ሕፃናት መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ መምህር ያን ያህል መጠበቅ አለመጠበቁ በአመዛኙ የሚወሰነው ፎንቱን፣ ኪቦርዱንና የፊደል አራሚውን ሠርቶ ማን በነፃ እንደሚያካፍል ነው።